ለእህቴ «የሎግ ቡክ ፊርማ አስመስለሻል» የሚል ደብዳቤ ተሰጣት፤ መልሱ እንዴት ይጻፋል?

ከዚራ_ልጅ፦

ሰላም ጎበዝ። ታናሽ እህቴ ሐረር የጥርስ ሕክምና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሰኞ ከትምህርት ክፍሏ ደብዳቤ ተሰጣት። ሁለት ነገር ይላል፦ በክሊኒክ ሎግ ቡኳ (የሠራቻቸው ሥራዎች ተመዝግበው የሚፈረሙበት ደብተር) ላይ የሦስት ሥራዎች ፊርማ «የሱፐርቫይዘሩ አይመስልም»፣ አንድ ራጅ ደግሞ ለሁለት ሥራ ማስረጃ ተደርጎ ተለጥፏል። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስሽን በጽሑፍ አቅርቢ ብለዋታል። ሦስቱ ሥራዎች የትኞቹ እንደሆኑ ደብዳቤው አይገልጽም፤ ሎግ ቡኩንም ተቀብለዋታል።

እሷ እንደምትለው አንዱን ሥራ ያየላት በዕለቱ ተተክቶ የገባ ሌላ ሐኪም ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሥራው ካለቀ ከቀናት በኋላ ባንዴ የተፈረሙ ናቸው። ራጁ የአንድ ታካሚ ነው። ሩት ካናሉ (የጥርስ ሥር ቦይ ሕክምናው) በሁለት ቀጠሮ ስለተሠራ ሁለቱም ገጽ ላይ ለጥፋዋለች።

መልሱ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? ምን ማስረጃ ትሰብስብ? አባታችን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሱፐርቫይዘሩ ቤት ካልሄድኩ እያለ ነው፤ ይጠቅማል ወይ? እኔ ድሬ ነኝ፣ ቅዳሜ ወደ ሐረር እወጣለሁ። ደብዳቤውን እኔ ብጽፍላትስ?

ኤረር_በር፦

ከሁሉ በፊት አባታችሁን አስቁማቸው። ሱፐርቫይዘሩ እዚህ ጉዳይ ላይ ምስክር ነው። ጉዳዩ ሳይሰማ ቤቱ ሽማግሌ ከገባ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት የሚነገረው «ቤተሰቧ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር» ተብሎ ነው። ያላጠፋችውን እንዳመነች ይቆጠርባታል፣ ሲብስም ምስክር ለማባበል ተሞክሯል ይባላል። እሷም ብትሆን ለሐኪሙ ደውላ «ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?» እንዳትለው። ጥያቄው በኮሚቴው በኩል ይሂድ።

አንተም አትጻፍላት። ክሊኒኩ ውስጥ ያልዋለ ሰው የጻፈው መልስ ከሩቁ ይለያል፤ ስብሰባው ላይ ስለ እያንዳንዱ መስመር የምትጠየቀው ደግሞ እሷ ናት። ያንተ ሥራ ማንበብና ምሬቱን ማውጣት ነው።

ዝርዝር ሳይኖር መልስ አይሰጥም። ዛሬውኑ ግማሽ ገጽ ጽፋ ታስገባ፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«በቁጥር … በቀን … የተጻፈው ደብዳቤ ደርሶኛል። ፍሬ ነገሩ ላይ መልስ ለመስጠት እንድችል ጥያቄ የተነሳባቸው ሥራዎች የታካሚ ካርድ ቁጥር፣ የጥርስ ቁጥርና ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ሎግ ቡኬን በትምህርት ክፍሉ ሠራተኛ ፊት እንዳየው እንዲፈቀድልኝ፣ የመልስ መስጫው ጊዜም ዝርዝሩ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ እንዲቆጠርልኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ላቤን አፍስሼ ነው የተማርኩት፣ ሊያጠፉኝ የሚፈልጉ አሉ፤ አንዱም አይግባ።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ፣ አንድ የክሊኒክ ሥራ ሎግ ቡክ ላይ ብቻ አይቀርም። ታካሚው ካርድ ያወጣል፣ ይከፍላል፣ በተመላላሽ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፣ ራጅ ይነሳል፣ ማደንዘዣና ሙሌት ወጪ ይደረግለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ካርዱ ነው። ሎግ ቡክ የትምህርት ሰነድ ነው፤ ካርድ ግን የሕክምና ሰነድ ነው፣ የዕለቱ ተቆጣጣሪ ሐኪምም ሥራው ሲያልቅ እዚያ ላይ ይፈርማል ተብሎ ይጠበቃል። ካርዱ ላይ የዚያው ቀን ፊርማ ካለ ሎግ ቡኩ ዘግይቶ መፈረሙ የአሠራር ጉድለት ይሆናል፤ ያም ቢሆን የተማሪዋ ብቻ አይደለም። ካርዱ ላይ ሥራው ጭራሽ ከሌለ ግን ጥያቄው «ማን ፈረመ» መሆኑ ይቀርና «ተሠርቷል ወይ» ወደሚል ይዞራል። ያ ክስ በጣም የከበደ ነው፤ ስለዚህ በሦስቱም ሥራ ካርዱ ምን እንደሚል ሳታውቅ ረጅም መልስ አትጻፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ነገር አለ። ካርዱን በስልኳ ፎቶ አታንሳ። ካርድ ክፍል የምታውቀውን ሰውም «አንዴ አውጣልኝ» አትበል። ከፊርማው ክስ ላይ የታካሚ ምስጢር መጣስ የሚል ሌላ ይደረብባታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለማስረዳት ቀላል ነው፣ ፎቶው ስልኳ ውስጥ ይገኛላ። ካርዶቹን ኮሚቴው ራሱ እንዲያስቀርብ በቁጥር ዘርዝራ ትጠይቅ።

በቁጥር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረር ላይ በስም ፍለጋ አያዋጣም። መሐመድ የሚባል ታካሚ በቀን ስንት ይገባል? ስሙ አንዱ መዝገብ ላይ በፊደል፣ ሌላው ላይ በቁቤ ይጻፋል፤ የአባት ስም አንዴ አብዱላሂ፣ አንዴ አብዱላሄ ይሆናል። በስም የፈለገ ሰው «እንዲህ ያለ ታካሚ አልተገኘም» ብሎ ይጽፍና ሥራው የፈጠራ ይመስላል። የካርድ ቁጥር፣ እሱ ከሌለ የደረሰኝ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የራጁ ኮምፒውተር በፈረንጅ ይመዘግባል። ህዳር 12 የተሠራ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ኖቬምበር 21 ነው። አንዳንዱ ሎግ ቡኩ ላይ «12/3» ብሎ ይጽፋል፤ ያንን አንዱ ህዳር 12፣ ሌላው ማርች 12፣ ሌላው ዲሴምበር 3 ብሎ ያነበዋል። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይለያያል፦ ጠዋት 3፡30 ኮምፒውተሩ ላይ 9፡30 ነው። በዚህ ላይ የውስጥ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ስለዚህ እሷ የምታዘጋጀው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ይያዝ፤ የራጅ ቀን ካልገጠመ በዚያው ዕለት የተነሱ የሌሎች ታካሚዎች ራጆች ቀንም ተዛብቶ እንደሆነ እንዲታይ ትጠይቅ።

ለፊርማው ደግሞ የዕለቱን የሐኪሞች የተራ ሠሌዳ ትጠይቅ፤ ተተክቶ የገባ ሰው ካለ ሠሌዳው ላይ በእስክሪብቶ ተስተካክሎ ይገኛል። ተተኪው ሐኪም ፈርሞ ከላይ የመደበኛው ስም ታትሞ ከነበረ «አይመስልም» የተባለበት ምክንያት ያ ነው። ባንዴ የተፈረሙትን በተመለከተ፣ ዓርብ ከሰዓት አሥር ሎግ ቡክ ተደርድሮለት የሚፈርም ሐኪም አምስተኛው ላይ ሲደርስ ፊርማው ወደ ሁለት ሰረዝ ይወርዳል። የጓደኞቿ ሎግ ቡክ ላይ የዚያው ቀን ፊርማ ምን እንደሚመስል ኮሚቴው እንዲያነጻጽር ይጠየቅ። ቲተር (የሐኪሙ ስም ያለበት ማህተም) ካለበት ደግሞ ቲተሩ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ጠይቁ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚውል ቲተር ማስረጃነቱ ለማንም ወገን ደካማ ነው።

ደቻቱ፦

አቦ ለምን ታወሳስቡታላችሁ? አንድ ገጽ ይቅርታ ትጻፍና ትገላገል። ለአምስተኛ ዓመት ተማሪ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነው የሚተዉት። ከመምህር ጋር ክርክር ገብቶ ያተረፈ ማን አለ?

መዝገብ_ቤት፦

ደቻቱ፣ ይህ ምክር በርጫ ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ወረቀት ላይ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ጥቅል ይቅርታ በማኅደሯ ውስጥ እንደ እምነት ቃል ይቀመጣል። በእንዲህ ያለ ክስ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ፦ ዘግይቶ ማስፈረም፣ ያላየው ሰው እንዲፈርም ማድረግ፣ የሌላን ሰው ፊርማ ራስ መፈረም። የመጀመሪያው በቃል ወይም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያልቅ ይችላል፤ ሦስተኛው በብዙ ተቋም ከፈተና ማጭበርበር ጋር እኩል ይታያል፤ ኮርሱ ላይ ኤፍ፣ መታገድ፣ እስከ መሰናበት ይደርሳል። «ይቅርታ፣ አይደገምም» ብላ የጻፈች ተማሪ የትኛውን እንዳመነች የሚመርጥላት ኮሚቴው ነው።

ስለዚህ መልሱ በንጥል ይሁን። አንደኛ ሥራ፣ ሁለተኛ ሥራ፣ ሦስተኛ ሥራ፣ ራጅ። በእያንዳንዱ ሥር ምን ሆነ፣ ምን ሰነድ ያሳያል፣ ምን እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። እውነት የሆነ ጉድለት ካለ በዚያው ንጥል ሥር በግልጽ ይታመን፤ «ሥራው በተሠራበት ዕለት ማስፈረም ሲገባኝ ከስድስት ቀን በኋላ አስፈርሜያለሁ» ማለት ሌሎቹን ንጥሎች ያጠናክራል እንጂ አያዳክምም። ፊርማውን ራሷ ፈርማ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ለቤተሰቡ ትንገር፤ አልፈረምኩም ብላ ጽፋ በኋላ ሲገኝ ኮሚቴው የሚቀጣው ሁለቱን ነው።

ጥቂት የወረቀት ነገር። ማንኛውም የምታስገባው ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን ይያዝ፣ በሁለተኛው ላይ ያንኑ ቁጥር አስጽፋና ማህተም አስደርጋ ይዛ ትውጣ። ለጸሐፊዋ በእጅ ሰጥቻለሁ የሚባለው ነገር አይሠራም። ለዝርዝሩ ጥያቄ መልስ ባይመጣ እንኳ አምስተኛው ቀን ባዶ እንዳያልፍ፤ «ዝርዝር ስላልተሰጠኝ በዚህ ደረጃ መስጠት የምችለው መልስ ይህ ነው» ብላ አጭር መልስ ታስገባ። ዝም ያለ ተማሪ ጉዳይ በሌለችበት ይታያል።

ከሳሽ የሆነው ሐኪም ኮሚቴው ውስጥ ካለ ከመሰማቱ በፊት በጽሑፍ እንዲነሳ ትጠይቅ። ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤ ይሰጣታል፤ ሳታነብ አትፈርም። ያልተናገረችው ነገር ካለ ፊርማዋ አጠገብ «በገጽ 2 ተራ 3 ላይ የተጻፈው የእኔ ቃል አይደለም» ብላ ትጻፍ። አልፈርምም ብሎ መውጣት አይጠቅምም፤ «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነችም» ተብሎ ይያዛል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በባቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ። ስክሪንሾቱ ከእሷ ቀድሞ ዲኑ ቢሮ ይደርሳል።

ከዚራ_ልጅ፦

እግዜር ይስጣችሁ። የአባታችን ጉዞ ቀርቷል፣ ትንሽ ቢያኮርፍም። ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ዛሬ ዝርዝሩ ተሰጣት። ሁለቱ የክላስ ቱ ሙሌት (የኋላ ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር በሚገናኝበት ጎን የሚሞላ) ናቸው፤ ዘግይተው የተፈረሙት እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ሩት ካናሉ ነው፤ ተተኪው ሐኪም ያየው። አዲስ ነገር ግን አለ፦ ካርዱ ላይ ጥርስ 36 ይላል፣ ሎግ ቡኳ ላይ 46 ተብሎ ተጽፏል፣ የተለጠፈው ራጅም 46 ነው ብለዋታል። እሷ የሠራችው የግራውን እንደሆነ እርግጠኛ ናት። ይህ እንዴት ይታያል? እኔ እንኳ ስሰማው የሌላ ሰው ራጅ መሰለኝ።

ኤረር_በር፦

የሌላ ሰው ከማለታችሁ በፊት ራጁ ተገልብጦ እንደሆነ ይታይ። 36 የታችኛው ግራ፣ 46 የታችኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ ነው፤ አንዱ ለሌላው የመስተዋት ምስል ነው። በትክክል ሲቀመጥ የታካሚው ግራ በተመልካቹ ቀኝ በኩል ይውላል፤ ስለዚህ የ36 ራጅ ላይ 37 (ከ36 ኋላ ያለው መንጋጋ) ከ36 በስተቀኝ ይታያል። ምስሉ ሲገለበጥ 37 ወደ ግራ ይሄድና ጥርሱ 46 ይመስላል። በፊልም ከሆነ ጥጉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ያበጠው ፊቷ ወደ ተመልካቹ መሆን አለበት፣ ጎድጉዳ ከታየች ፊልሙ ተገልብጧል ማለት ነው። በዲጂታል ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይ ምስል የሚገለብጥ ቁልፍ አለ፤ ስክሪኑን በስልክ የፊት ካሜራ ያነሳ ሰውም ተገልብጦ ሊወጣለት ይችላል። ብዙ ተማሪ ሎግ ቡኩን የሚሞላው ከካርዱ ሳይሆን ከለጠፈው ራጅ አይቶ ነው፤ ራጁ ከተገለበጠ ቁጥሩም አብሮ ይሳሳታል።

ማረጋገጫው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዋናው ምስል ከራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ይቅረብ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀን መረጃም ይጠፋበታል፤ ስለዚህ ስልኳ ላይ ያለው ቅጂ ብዙ አያስረዳም። ሁለተኛ፣ ጥርሱ ራሱ አለ። ታካሚውን ክሊኒኩ ጠርቶ አፉን ቢያይ የትኛው ጥርስ ተከፍቶ እንደተሞላ በመስተዋት ይታያል። እሷ እንዳትደውልለት፤ ጥሪው በክሊኒኩ ስም ይሁን። ለዚህ ብቻ ተብሎ ግን አዲስ ራጅ መነሳት የለበትም፤ ለሕክምናው ካላስፈለገ ለዲሲፕሊን ጉዳይ ሰው ለጨረር አይጋለጥም።

አንድ ራጅ ሁለት ቦታ መለጠፉ ላይ ትንሽ ልከራከራት። የአንድ ታካሚ መነሻ ራጅ በሁለቱም ቀጠሮ ገጽ ላይ መኖሩ ማጭበርበር አይደለም፤ ግን «ከሕክምና በፊት የተነሳ» ተብሎ በሁለቱም ላይ መጻፍ ነበረበት። ሁለተኛው ገጽ የሚጠይቀው ሌላ ራጅ ነው። በተለመደው አሠራር ሩት ካናል አራት ያህል ራጅ ይወጣዋል፦ መነሻው፣ ፋይል (ቦዩ የሚጠረግበት ቀጭን የብረት መሣሪያ) ገብቶ የቦዩ ርዝመት የሚለካበት፣ የጉታፐርካው (ቦዩ የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር) ልክ የሚታይበትና የመጨረሻው። ሁለተኛው ላይ ቀጭን የብረት መስመር ከሥሩ ጫፍ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቀረት ብሎ ይታያል፤ መጨረሻው ላይ ቦዮቹ ሙሉ ነጭ ሆነው ይታያሉ። እነዚህ ከኮምፒውተሩ ከወጡ ሥራው በየደረጃው መሠራቱ ያለ ክርክር ይታያል። መነሻው ብቻ ከተገኘ ግን ቀሪዎቹ ለምን እንዳልተነሱ ትጠየቃለች፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ከነበረ ክሊኒኩ የያዘው የብልሽት መዝገብ ካለ ይጠየቅ።

ለገሀሬ፦

ስለ ሕጉ ባጭሩ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ 1152/2011 ነው፤ የዲሲፕሊኑ ዝርዝር፣ የቅጣት እርከንና የይግባኝ ቀን ግን ያለው በተቋሙ ሴኔት ሕግና በተማሪዎች መመሪያ ውስጥ ነው። ሁለቱንም አሁን አግኙ። የይግባኝ ቀን የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ውሳኔው በጽሑፍ ከደረሰ ጀምሮ ስለሆነ ውሳኔውን ስትቀበል የተቀበለችበትን ቀን ጽፋ ትፈርም። በቃል «ታግደሻል» ከተባለች ደግሞ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብላ ታመልክት።

ተቋሙ የፌዴራል መንግሥት ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን ጠቅሶ መከራከር ይቻላል፤ የመሰማት መብትን ያውቃል፣ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥም ይጠይቃል። የውስጥ ይግባኝ ሳያልቅ ግን ፍርድ ቤት አትሩጡ፤ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። ፍርድ ቤትም በዋናነት የሚመለከተው አካሄዱን ነው፣ ፊርማ በፊርማ እንደገና አይመረምርም። ለእንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይቀበልም፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቡበት። የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ።

ጠበቃ መግዛት ካቃተ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ከከሰሳት ተቋም ጋር አንድ የሆነውን ግን ተዉት፤ ሌላውን ሞክሩ።

ከዚራ_ልጅ፦

ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጉዳዩ እስኪያልቅ ክሊኒክ አትግቢ ተብላለች፣ በቃል። ሌላ ሩት ካናል የጀመረችለት ታካሚ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለው። ቀጠሮው ይቅር ወይስ ገብታ ትጨርስ?

መዝገብ_ቤት፦

ገብታ አትጨርስ። እገዳው በቃል ቢሆንም ገብታ ከሠራች ትእዛዝ መጣስ ይሆናል። «ከክሊኒክ የታገድኩት ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና የሚያመልጠኝ የክሊኒክ ሰዓት እንዴት እንደሚካካስ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ብላ ታስገባ። ይህ ካልተያዘ ነጻ ብትወጣ እንኳ በሰዓት ጉድለት ዓመት ልትደግም ትችላለች።

ኤረር_በር፦

ታካሚው ግን አይቅር። ጊዜያዊ ሙሌት ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ አይታመንም፤ ምራቅ ከገባ ቦዩ እንደገና ይበከላል፣ ስስ ግድግዳ የቀረው ጥርስም ሲታኘክበት ሊሰነጠቅ ይችላል። የኮሚቴ ጉዳይ ደግሞ በሦስት ሳምንት አያልቅም። አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ትጻፍ፦ የካርድ ቁጥር፣ የጥርስ ቁጥር፣ ስንት ቦይ እንደተገኘ፣ የእያንዳንዱ ርዝመት በሚሊ ሜትርና ከየትኛው ጫፍ እንደተለካ፣ እስከ ስንት ቁጥር ፋይል እንደደረሰች፣ ውስጡ የተቀመጠው መድኃኒት፣ ጊዜያዊው ሙሌት የተደረገበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር። ለክሊኒኩ ኃላፊ ሰጥታ በቅጂው ላይ ታስፈርም፤ ታካሚውን ማን እንደሚቀበል እሱ ይመድብ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ከካርዱ ላይ ታንብብ፣ ከራጁ አይደለም። ካርዱ የሚወጣውም በኃላፊው ፈቃድ፣ እሱ ባለበት ይሁን።